«ነጥቡ 12 ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ በአብዛኛው ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናቸው። አጠያየቃችሁ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «ይተርፋል ወይ?» እኔም የምሠራው እዚያው ክፍል ስለሆነ ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከራውንድ ስወጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስለ ስኳርና ስለ ጨጓራ የጻፋችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ የሚቀጥለው ወር የእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ስትሮክ መትቶት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ከገባበት ሰዓት ጀምሮ የሚተነፍሰው በማሽን ነው። በአምስተኛው ቀን አተኮሰው። በቱቦው የሚመጠጠው አክታ በዛ፣ መልኩም ተለወጠ። ማታውኑ ደም ግፊቱ ወረደ። በማሽኑ ምክንያት የመጣ የሳንባ ምች ነው፣ አሁን ሴፕቲክ ሾክ (ኢንፌክሽኑ ደም ግፊትን የሚጥልበት ደረጃ) ውስጥ ገብቷል አሉን። ትናንት ወንድሜ ፋይሉ ላይ «ሶፋ 12» የሚል የአካል ክፍሎች ጉዳት ነጥብ አየ። ሳንባ 3፣ ደም ዝውውር 4፣ አንጎል 4፣ ኩላሊት 1 ይላል። ከዚያ ኢንተርኔት ገብቶ፣ ከ11 በላይ ከሆነ ከመቶ ሰው ከ80 በላይ ይሞታል የሚል አገኘ። ለእናታችን አልነገርናትም። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ቁጥሩ እውነት ነው? ተስፋ ልቁረጥ?
*ትልቋ ልጅ*

መልስ፦ እህቴ፣ መጽሔቱ ታትሞ እጅሽ እስኪገባ ቀናት ስለሚያልፉ አጭሩን መልስ ለብቻ ልኬልሻለሁ። ረጅሙን እዚህ ያመጣሁት ያንቺኑ ጥያቄ ይዘው የሚጨነቁ ብዙ ስለሆኑ ነው።

ወንድምሽ ያነበበው ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከቤልጂየም የወጣ ጥናት አለ። ከ350 የሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎችን ተከታትሏል። በመጀመሪያው ልኬት ነጥባቸው ከ11 በላይ ከነበረው ውስጥ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ይህ በግልጽ ተጽፏል። ግን እዚያው ጥናት ላይ ወንድምሽ ያላየው ሌላ ውጤት አለ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው የሚበልጠው ይሄኛው ነው። ነጥቡ በመጀመሪያዎቹ 96 ሰዓታት እየጨመረ ከሄደ፣ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ቢያንስ ግማሾቹ ሞቱ። ባለበት ከቆመ የሞቱት ከመቶ ከ27 እስከ 35 ናቸው። ከቀነሰ ደግሞ ከ27 በታች። እንግዲህ ቀጥለሽ የምትጠይቂው ጥያቄ «12 ስንት ሰው ይገድላል?» ሳይሆን «ዛሬስ ስንት ሆነ?» የሚለው ነው።

ሶፋ ስድስት ነገር ይለካል፦ ሳንባ፣ ደም ዝውውር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ አንጎልና ደም የመርጋት አቅም። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ ጣሪያው 24 ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ዓላማው የአካል ክፍሎች ምን ያህል እንደተጎዱ መግለጽ ነበር። ማን ይሞታል ብሎ እንዲተነብይ አልተሠራም። ትንበያው በኋላ የተጨመረበት ሥራ ነው። ደግሞም በ2001ዱ ጥናት የተካተቱት ሁሉም ዓይነት ጽኑ ሕሙማን እንጂ እንደ አባትሽ ማሽን ላይ ሆነው ምች የያዛቸው ብቻ አልነበሩም።

አሁን የአባትሽን 12 እንፍታው። አንጎል 4 የተባለው ራሱን ስላላወቀ ነው። ግን ስትሮክ የመታው ሰው ነው፤ ማሽኑን እንዲታገስ የሚያስተኛ መድኃኒትም ሳይሰጠው አይቀርም። ያ 4 ነጥብ ምናልባት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ነው። ሳንባም ላይ፣ ማሽን ያስፈለገው ሰው ከምቹ በፊትም 1 ወይም 2 ነጥብ ሊኖረው ይችላል። እንበልና ምቹ ከመምጣቱ በፊት 6 ነበር። እንግዲያው ኢንፌክሽኑ የጨመረው 6 ነው ማለት ነው። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሴፕሲስ ያዘው (ኢንፌክሽኑ የአካል ክፍሎችን ጎዳ) ለማለት 2 ነጥብ መጨመር ይበቃል፤ 6 ብዙ ነው። ነገር ግን 12ቱን በሙሉ ለምቹ መስጠት ሒሳቡን ማዛባት ነው። በማሽን ምክንያት የመጣ ምች ላይ ይህ ዘወትር የሚገጥም ነገር ነው። ምቹ የሚይዘው ቀድሞውኑ በጠና የታመመን ሰው ነውና ነጥቡ ከዜሮ አይነሳም። ስለዚህ ሐኪሞቹን «ከትኩሳቱ በፊት በነበረው ቀን ስንት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

ደም ዝውውር 4 የሚለውም አንድ ጉድ አለበት። ግፊት የሚያቆመው መድኃኒት ኖርኢፒንፍሪን ይባላል። መጠኑ በኪሎ በደቂቃ ከ0.1 ማይክሮግራም ካለፈ ነጥቡ 4 ነው፤ ከዚያ በላይ ነጥብ የለም። 0.12 የሚወስደውም 4፣ 1.0 የሚወስደውም 4! አልጋቸው አጠገብ ብትቆሚ ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ነገ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል። ለሁለተኛው እኔ ራሴ ቤተሰብ ጠርቼ አነጋግራለሁ። ስለዚህ ከ«4» ይልቅ መጠኑን ጠይቂ፤ ከትናንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት ተጨምሮበታል? ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ጀምረውለታል? እነዚህ የሚጨመሩት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት መጠን ከፍ ብሎ አልበቃ ሲል ነው።

እኔ እንዲህ ዓይነት በሽተኛ ጋ ስገባ ከነጥቡ በፊት የማየው የግፊት መድኃኒቱን የሚሰጠውን ፓምፕ ነው። ቀጥሎ የሽንት ከረጢቱን። ከዚያ ላክቴት። ላክቴት ሕዋሳት ሲጨነቁ ደም ውስጥ የሚበዛ ነገር ነው። ሴፕቲክ ሾክ ለማለት በቂ ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላም ከ2 ሚሊሞል በላይ መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ አማካይ ግፊቱን 65 ላይ ለማቆየት መድኃኒት ማስፈለግ አለበት። ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ትርጉም ነው። ሁለቱን ባሟሉት ታካሚዎች ላይ የተመዘገበው ሞት ከመቶ ከ40 በላይ ነበር። እና ቀላል ነው አልልሽም። ላክቴቱ በየሰዓቱ እየወረደ ከሄደ ግን እኔም ትንሽ እተነፍሳለሁ። ጉበቱ የታመመ ወይም አድሬናሊን የሚወስድ ሰው ላይ ላክቴት በሌላ ምክንያትም ስለሚወጣ፣ ብቻውን አይታይም።

ከሁሉም በላይ ግን የምጠብቀው የካልቸር ውጤት ነው። ከሳንባው የተወሰደው አክታና ደሙ የትኛውን ባክቴሪያ እንደያዙ፣ ያ ባክቴሪያም በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት የሚነግረን እሱ ነው። በማሽን ምክንያት በሚመጣ ምች ውስጥ ስማቸው የሚደጋገመው ሱዶሞናስ፣ አሲኔቶባክተር፣ ክሌብሴላና ስታፊሎኮከስ ናቸው። ብዙዎቹ መድኃኒት የለመዱ ናቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ የምንሰጠው አንቲባዮቲክ በግምት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንደሚበዙ እያየን። ግምቱ ከያዘ አንድ ታሪክ ነው፤ ከሳተ ሌላ ታሪክ። የመጀመሪያው መድኃኒት ባክቴሪያውን የማይነካው ሆኖ ከተገኘ የመሞት ዕድል ይጨምራል። በኋላ ትክክለኛው ቢሰጥም የባከነው ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ግፊት ከወረደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ትክክለኛው መድኃኒት በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመትረፍ ዕድል በአማካይ 7.6 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሶፋ ግን ይህን አያውቅም። ኩላሊትን ይቆጥራል፣ ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የደም ሕዋስ) ይቆጥራል፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን አገኘው ወይ ብሎ አይጠይቅም። አንቺ ጠይቂለት።

የሚያስደነግጡሽ ግን ብዙ የማይናገሩ ነገሮችም አሉ። ኤክስሬው «አልጠራም» ሊሉሽ ይችላሉ። ኤክስሬ ሁልጊዜ ኋላ ቀር ነው፤ ሰውየው እየተሻለው ሳንባው ነጭ ሆኖ ይቆያል። ትኩሳትም በትክክለኛ መድኃኒት ላይ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ሊቀጥል ይችላል። ከእነዚህ ይልቅ የኦክስጅኑን ነገር ተከታተዪ። ማሽኑ የሚሰጠው ኦክስጅን በሦስተኛው ቀን ግድም እየተቀነሰ፣ ደሙ ውስጥ ያለው ግን እየተሻሻለ ከሆነ፣ በእንዲህ ዓይነት ምች ላይ ቶሎ ከሚታዩት መልካም ምልክቶች አንዱ ነው። የተረፉትን ካልተረፉት ቀድሞ የሚለየውም ይኸው የኦክስጅን ሁኔታ እንደሆነ በጥናት ታይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይደናገራል። ምቹ ከለቀቀው በኋላም ስትሮኩ አለ። «ከኢንፌክሽኑ ይወጣል ወይ?» እና «ከስትሮኩ ምን ያህል ያገግማል?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚመልሷቸውም የተለያዩ ሐኪሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ለየብቻ ጠይቂያቸው።

ተስፋ ልቁረጥ ወይ ላልሽው፣ በአንድ ቀን ቁጥር ተስፋ አይቆረጥም። አይጨመርምም። ከሾኩ በኋላ ሦስት ቀን ሲሞላው የግፊት መድኃኒቱ ከወረደ፣ ሽንቱ ከመጣ፣ ኦክስጅኑ ከተቀነሰ፣ ካልቸሩም መድኃኒቱ ልክ ነው ካለ፣ 12 የሚለውን እርሺው። በተቃራኒው ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት ከተጨመረ፣ ኩላሊቱ ካቆመ፣ ፕላትሌቱ በየቀኑ ከወረደ ደግሞ፣ ነጥቡ 9 ቢሆን ኖሮም እኔ እሰጋ ነበር። እናትሽን ቁጥሩን አትንገሪያት። መንገዱን ግን አትደብቂያት፤ «ከትናንት ትንሽ ይሻላል» ወይም «ከትናንት ከበድ ብሏል» በያት። እናት ፊትሽን አይታ ታውቀዋለች፤ ብቻዋን ባትገምት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ማታ ማታ እኔ ነኝ ተረኛው። ላክቴት በፈለግን ሰዓት አናሠራም። ሌሊቱን ሙሉ ሞኒተሩ ላይ ግፊቱ 65 ነው፣ እኔም 65 ብዬ እጽፋለሁ። ጠዋት ሲኒየሮቹ ይመጡና «ይሄ ሰውዬ እኮ ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው» ይሉኛል። ምኑን ነው የማላየው?
*የሌሊት ተረኛ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ 65ን እያየህ ነው፤ 65 የተገዛበትን ዋጋ ግን እያየህ አይደለም። ፈረቃህን ስትቀበል ኖርኢፒንፍሪኑ 0.15 ከነበረና ስታስረክብ 0.45 ከሆነ፣ ሞኒተሩ በሁለቱም ሰዓት ያው 65 ነው። በሽተኛው ግን ያው አይደለም። ስለዚህ ግፊቱን በጻፍክ ቁጥር አጠገቡ መጠኑን ጻፍ። በቃ፣ ጠዋት የሚሉህን ግማሹን ቀድመህ ታውቀዋለህ።

ላክቴት የለኝም ላልከው ደግሞ መልካም ዜና አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአምስት የላቲን አሜሪካ አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ወጥቷል። ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ያሉ 424 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ለግማሾቹ ሕክምናው ላክቴትን እያየ ይመራል፤ ለግማሾቹ የጣት ጫፍን ተጭኖ ደም ስንት ሰከንድ ውስጥ እንደሚመለስ እያየ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ፣ በጣት ከተመሩት 34.9 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ለጥቂት አላለፈም፤ ስለዚህ ጣት ይበልጣል ብዬ አልምልልህም። እንደማያንስ ግን ለእኔ በቂ ማስረጃ ነው። ዋጋውም ዜሮ ነው።

አሠራሩን በትክክል ያዘው፤ አንዱ አንድ ሰከንድ፣ ሌላው አምስት ሰከንድ እየተጫነ የሚጻፍ ቁጥር አይጠቅምም። ጥናቱ ላይ የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣትን ጫፍ በመስታወት ስላይድ ይጫኑ ነበር። ቆዳው እስኪነጣ ተጫን፤ 10 ሰከንድ ያዝ፤ ልቀቅ፤ ቁጠር። ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ልክ አይደለም። እነሱ በየግማሽ ሰዓቱ ነበር የሚደግሙት። አንተ በየሰዓቱ ብታደርገው እንኳ ጠዋት የምታሳየው መስመር ይኖርሃል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ወይም እጁ ከቀዘቀዘ ውጤቱ እንደሚያሳስት አስታውስ።

ጉልበቱንም ግለጥና እይ። ከጉልበት ጀምሮ ወደ ጭን የሚወጣ ዥንጉርጉር መልክ ካለ፣ ቆዳው ደም እያጠረው ነው። በስፋቱ ልክ ከ0 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡት አሉ፤ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ሞቱም እንደሚጨምር ታይቷል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ለማየት ይቸግራል፤ ስለዚህ «ዥንጉርጉር የለም» ብለህ አትረጋጋ። እጅህን አስቀምጠህ ሙቀቱን ዳስስ። ጉልበቱ ቀዝቅዞ ደረቱ ከሞቀ፣ ያ ራሱ ወሬ ነው።

ሽንት በኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 30 ማለት ነው። ሁለት ተከታታይ ሰዓት ከዚያ በታች ከሆነ ጠዋትን አትጠብቅ፣ ደውል። ሐኪሙ ተነጫንጮ ሊነሳ ይችላል። ይነሳ።

ጥያቄ፦ የዳታ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል መረጃ ላይ ሞትን የሚተነብዩ ሞዴሎች 0.9 ውጤት እንደሚያመጡ አነባለሁ። ታዲያ ሐኪሞች ለምን አሁንም በዓይን ግምት ትሠራላችሁ? ፈርታችሁ ነው?
*ኮዱ ዝግጁ ነው*

መልስ፦ ትንሽ ፈርተናል፣ አዎ። ግን ምክንያት አለን።

0.9 የሚለው ምን እንደሆነ ካንተ ይልቅ አላውቅም፤ ለሌሎቹ አንባቢዎች ስል ልናገር። ከሞቱት አንድ ሰው፣ ከተረፉት አንድ ሰው ብትወስድ፣ ሞዴሉ ለሞተው ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጠው ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ነው ማለት ነው። ማን ከማን ይብሳል የሚለውን መደርደር ይችላል። ነገር ግን እኔ ቤተሰብ ፊት ስቀመጥ ሁለት ሰው አላወዳድርም፤ ስለ አንድ ሰው ነው የምናገረው። ሞዴሉ «70 በመቶ» ካለ፣ እንደዚህ ካላቸው መቶ ሰዎች በእርግጥ 70ዎቹ ይሞታሉ ወይ? ይህ ሌላ ፈተና ነው። በአንድ ሆስፒታል መረጃ ላይ የተሠራ ሞዴል ሌላ ሆስፒታል ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህኛው ፈተና ላይ ነው። ባክቴሪያው ሌላ ነው፣ መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ ማን ክፍሉ ይገባል የሚለውም ሌላ ነው።

በማሽን ምክንያት የሚመጣ ምች ላይ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለ። አፓቼ 2ን ታውቀው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ፣ እስከ 71 የሚቆጥር የሕመም ክብደት መለኪያ ነው። የሚወስደው በሽተኛው ክፍሉ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 24 ሰዓታት የታየውን መጥፎውን ውጤት ነው። በማሽን ምክንያት የሚመጣ ምች ግን በትርጉሙ ቱቦው ከገባ ቢያንስ 48 ሰዓት ካለፈው በኋላ የሚመጣ ነው። በሌላ አነጋገር አፓቼው የተለካው በሽታው ሳይመጣ በፊት ነው! ስለ ሰውየው ቀድሞ የነበረ አቅም ይነግርሃል፤ ስለ ሾኩ ምንም አያውቅም። ይህን ቁጥር እንደ ወረደ ሞዴል ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ። አንተ ቢያንስ የምቹ ቀን የታየውን አስገባ፤ ከዚያ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቀን ለውጥ። ካልቸሩ መድኃኒቱን ደገፈ ወይስ አልደገፈም የሚለውንም እንደ አንድ ዓምድ ጨምር። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉበት ሞዴሉ የሚያውቀው የትናንቱን ሰው ነው።

«ምች ነው» የሚለው ምልክትህም ራሱ የተረጋገጠ አይደለም። ማሽን ላይ ያለ ሰው ትኩሳት፣ አክታና ነጭ ኤክስሬ በሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ወሳኝ ምርመራ የለም። ሁለት ሐኪሞች አንድ ፋይል አይተው አንዱ ምች ነው፣ ሌላው አይደለም ይላሉ።

የምፈራው ነገር ግን የመጨረሻው ነው። ሞዴሉ «አይተርፍም» አለ እንበል። ሐኪሙ አመነው። ሕክምናውን አቀዘቀዘ፣ ኩላሊት ማጠቢያውን ሳይጀምር ቀረ። ሰውየው ሞተ። መረጃው ተመልሶ ወደ ሞዴሉ ገባ፤ ሞዴሉ ትክክል ነበር ተባለ። ማን ሊያርመው ነው? የሚቀጥለው ሞዴልም ከዚያው መረጃ ተማረ። ይህን ችግር በኮድ የሚፈታ ሰው ካለ እኔ መጀመሪያ ተሰልፌ እጠቀማለሁ። እስከዚያው ድረስ ሞዴልህ «ይህንን ቀድማችሁ እዩት» ቢለኝ ይሻለኛል፤ ለእሱ በሬ ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ገባ። ከአደጋው እየዳነ ነው እያሉን፣ ከማሽኑ በመጣ ምች ሾክ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ማሽኑ ባይኖር አይሞትም ነበር ማለት አይደለም? ማን ነው የሚጠየቀው?
*ቁጭት*

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን ጥያቄ በቁጣ መጠየቅዎ ይገባኛል።

ምቹ እንዲህ ነው የሚመጣው። ቱቦው በድምፅ አውታሮች መካከል አልፎ ይገባል፤ ጉሮሮ መዝጋት አይችልም፤ ሰውየውም አይስልም። ጫፉ አጠገብ ያለችው ፊኛ ብትነፋም ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። የአፍና የጉሮሮ ፈሳሽ ባክቴሪያ ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቱቦው ውስጥም ባክቴሪያ ተደራርቦ ይለጠፋል። መከላከያው ይታወቃል፦ የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማድረግ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ የሚያስተኛውን መድኃኒት መቀነስ፣ በየቀኑ «ዛሬ ከማሽን ይውጣ ወይ?» ብሎ መሞከር፣ እጅ መታጠብ። ይህ ተደርጎ ነበር ወይ ብሎ ሆስፒታሉን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ፋይሉ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። ሁሉም ተደርጎም ግን ምቹ ሊመጣ ይችላል።

ማሽኑ ባይኖር ላሉት፣ ማሽኑ የገባው ያለሱ መተንፈስ ስላልቻለ ነው። በምቹ የሚጨመረውን ሞት ለብቻው ለመለየት የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የብዙ ጥናቶችን የየታካሚ መረጃ አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ በምቹ ሳቢያ የሚመጣውን ሞት 13 በመቶ ገደማ አድርጎታል። ምች ይዟቸው ከሚሞቱት ሁሉ በጣም ያነሰ ነው፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው መጀመሪያ ያስገባቸው ሕመም ነውና። ግን ይህ አማካይ ነው። እንደ ሰውየው ሁኔታ ምቹ ከዚያ የበለጠ ወይም ያነሰ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የወንድምዎን ፋይል ሳላይ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መፍረድ አልችልም፤ ፋይሉን የሚያይ ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሴፕቲክ ሾክ ተርፎ ቤት ገባ፤ ተመስገን ነው። ግን ደረጃ መውጣት አቃተው። ሌሊት ይባንናል፤ «አስረውኝ ነበር፣ ሊገድሉኝ ነበር» ይላል። የነገርኩትን ይረሳል። ሐኪሞቹ ድኗል ብለውኛል። እውነት ድኗል?
*ባለቤት*

መልስ፦ እህቴ፣ ጥናቶቹ «ተረፈ» የሚሉት ብዙ ጊዜ በ28ኛው ቀን በሕይወት ያለን ሰው ነው። ደረጃ መውጣቱን አይቆጥሩም። እርስዎ የሚያዩት የታወቀ ነገር ነው። ማሽን ላይ የተኛ ሰው ጡንቻው በፍጥነት ያልቃል፤ ሴፕሲስ ደግሞ ያብስበታል። ለወራት ሊቆይ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚረዳው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መንቀሳቀስና በቂ ፕሮቲን ነው፤ ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ ይበልጥ ጥሩ።

«አስረውኝ ነበር» የሚለውን አይከራከሩት። ማሽን ላይ ሆኖ በከፊል ነቅቶ፣ በከፊል ቅዠት ውስጥ ነበር። ቱቦውን እንዳይነቅል እጁ ታስሮም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም አልፈጠረውም። በየትኛው ቀን ምን እንደተደረገለት በቅደም ተከተል ይንገሩት፤ ለብዙዎቹ የተበጣጠሰውን ትዝታ ያያይዝላቸዋል። መባነኑ ከሁለት ወር በላይ ከቀጠለ ወይም ሰው መሸሽ ከጀመረ የአእምሮ ሐኪም ይየው።

ከሴፕሲስ የወጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደገና ኢንፌክሽን ሊይዘውና ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ወይም ድንገት ንግግሩ ከተዘባረቀ «ድካም ነው» ብለው አይደሩ፤ በዚያው ሌሊት ይውሰዱት። ከበር ሲገቡም በቅርቡ ሴፕቲክ ሾክ እንደነበረውና ካልቸሩ ላይ የትኛው ባክቴሪያ እንደተገኘ ይንገሯቸው። የካልቸሩን ወረቀት ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ይያዙት፤ ተረኛው ሐኪም የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ሲመርጥ ያስፈልገዋል።